ዘፋኝ ለማየት ሩቅ ስለ መሄድ

አንድ ሰው የሚወደውን ዘፋኝ በዓይኑ አይቶ ድምፁን በጆሮው ለመስማት ሲል ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ ቢውል ሥራው የሚያስመሰግነው ነው ወይስ የሚያስነቅፈው? ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳያስቡበት ይመልሱታል። ሽማግሌዎች «ከንቱ ነው» ይላሉ፤ ወጣቶች ደግሞ «ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። እኔም ሽማግሌ እንደ መሆኔ የሽማግሌዎቹን መልስ ሰጥቼ ነበር፤ መልሱንም የሰጠሁት በጽሑፍ ስለ ሆነ አላልሁም ብዬ ልክደው አልችልም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የታላቅ እኅቴ ልጅ በአሜሪካ አገር፣ በደቡብ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ በምትባል ከተማ ይኖራል። ሥራው ሥጋ ተቈራርጦ በሚታሸግበት ፋብሪካ፣ በብርድ ክፍል ውስጥ ቢላዋ ይዞ መቆም ነው። በ2023 በነሐሴ ወር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ብሩስ ስፕሪንግስቲን የሚባለውን የሮክ ዘፋኝ ለማየት ብቻውን ከሱ ፎልስ ተነሥቶ እስከ ቺካጎ ድረስ ነዳ። ኢንተርስቴት 90 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ፣ የሚኒሶታን የበቆሎ እርሻ አቋርጦ፣ ላ ክሮስ ከምትባለው ከተማ ላይ የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግሮ፣ ዊስኮንሲንን ዘልቆ ነው የደረሰው። መንገዱ ከ900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዘፋኙን ያስተዋወቀው በፋብሪካው ከአጠገቡ የሚቆም አንድ ሸምገል ያለ አሜሪካዊ ነው፤ ልጁ መኪና ሳይኖረው በፊት በበረዶ ወራት እያሳፈረ ወደ ሥራ ሲወስደው በመኪናው ውስጥ ሌላ ዘፈን አይከፍትም ነበርና።

ልጁ ከስታዲየሙ ደጃፍ የተነሣውን ፎቶግራፍ ለዘመዶቹ ላከ፤ የልጅ ልጄም አሳየኝ። በፎቶግራፉ ላይ ይሥቃል። በዚያን ጊዜ እናቱ፣ ማለት እኅቴ፣ አዳማ ላይ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አትለይም ነበር። ልጇን ካየች ሰባት ዓመት ሆኗታል። እኔም ያንን ሣቅ ባየሁ ጊዜ ደሜ ፈላ። አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የልጅ ልጄም በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከልኝ። በደብዳቤው ውስጥ ካሰፈርሁት ቃል አንዱ «እናቱን ለማየት ያልተነሣ እግር ዘፋኝ ለማየት ቀኑን ሙሉ ነዳጅ ሲረግጥ ይውላል» የሚል ነበር። በጻፍሁበት ጊዜ ይህ አነጋገር ጥሩ መስሎ ታይቶኝ ነበር። አርባ ዓመት ያህል ተማሪ የገሠጸ ሰው ተግሣጹ ሲያምርለት ደስ ይለዋል፤ ይህ የሞያችን በሽታ ነው።

መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አጭርም ነበር። «ጋሼ፣ ደብዳቤዎን አነበብሁት። እናቴን ማየት እንደማልፈልግ የነገርዎ ማን ነው?» ይልና ነገሩን ይገልጻል። ልጁ በዚያ አገር ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሸሽቻለሁ ወዳለው አገር ቢመለስ ጥያቄውን እንደ ተወው ይቈጠርበታል። ጉዳዩ ለዓመታት ሳይታይ ተቀምጧል። ይህን ለእናቱ ያልነገራት እንዳትጨነቅ ብሎ ነው፤ «በሥራ ብዛት ነው የማልመጣው» ይላት ነበር። «ለእኔ የተከፈተው መንገድ ከውቅያኖሱ ወዲያ ማዶ የሚያደርሰው አይደለም። በዚህኛው ማዶ ያለው ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ ነዳሁ» ብሎ ደብዳቤውን ጨረሰ። ለእናቱም እንዳልነግራት ለመነኝ። (ዛሬ እርሱ ራሱ ነግሯታል፤ ይህን የምጽፈውም በፈቃዱ ነው።)

አንባቢዬ ሆይ፣ እንዴት እንዳፈርሁ አልዘረዝርልህም። ነገር ግን ኀፍረቴ ጥቂት በረድ ካለ በኋላ አንድ ነገር አሰብሁ። ስለ ልጁ መሳሳቴ እርግጥ ነው፤ ስለ ልጁ መሳሳቴ ግን ስለ ነገሩም መሳሳቴን አያስረዳም። እናቱን ለማየት የሚከለክለው ነገር ባይኖር ኖሮስ? ዘፋኝን ለማየት እንዲህ ያለ መንገድ መሄድ በራሱ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ተግሣጼን ከሰረዝሁ በኋላም ጥያቄው አልተሰረዘልኝም።

በመጀመሪያ መንገዱን ራሱን መንቀፍ እንደማይቻለን ተረዳሁ። እኛ በታሪካችን ከምንኮራባቸው ሰዎች አንዷ ንግሥተ ሳባ ናት፤ እርሷ ደግሞ የታወቀችው አንድን ሰው ለማየትና ለመስማት ብላ ሩቅ አገር በመሄዷ ነው። ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ነገር በየቀኑ ይነግራት ነበር። ወሬው ይበቃኛል ብላ በዙፋኗ ላይ ብትቀመጥ ማን ይነቅፋት ነበር? እርሷ ግን ተነሥታ ሄደች። እንግዲህ ሰው የሚያደንቀውን ለመስማት መንገድ መሄዱ ነውር ከሆነ ነውሩን ከእርሷ መጀመር ሊኖርብን ነው። «እርሷ የሄደችው ለጥበብ ነው፤ ይህ ግን ለዘፈን ነው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔ የተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤትም እንዲህ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ቡና ቤት መስኮት ሥር ተደብቄ የራዲዮ ዘፈን ስሰማ ተይዤ ሁለት ሳምንት ለወጥ ቤቱ ውኃ ቀድቻለሁ። ውኃ ስቀዳም ያንኑ ዘፈን በልቤ አዜም ነበር፤ ስለዚህ ቅጣቱ ምን እንዳስተማረኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሁለተኛው ነቀፋ ከዚህ ይልቅ ብርቱ ነው። «ዘፈኑ በስልኩ ውስጥ አለ፤ እንዲያውም ከስታዲየም ይልቅ በስልኩ ጠርቶ ይሰማል፤ ታዲያ ለምን ይደክማል?» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው መምህር ሆኖ አያውቅም። መጽሐፉ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ሳለ እኔ በየማለዳው ክፍል የምገባው ለምን ነበር? በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቃል አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ አያስልም። ከፊትህ የቆመው ሰው ግን ሊደክም ይችላል፤ ሳይደክምም ሲቀር ያ አለመድከሙ ለአንተ ብሎ የተደረገ ይመስልሃል። ስፕሪንግስቲን በዚያ ምሽት ዕድሜው 73 ዓመት ነበር። በ1914 በተከፈተውና ሪግሊ ፊልድ በሚባለው አሮጌ የቤዝቦል ሜዳ ላይ ቆሞ ሦስት ሰዓት ያህል ዘፈነ። ብዙ ሳይቈይ በመስከረም ወር በጨጓራ ቍስል ታመመና የዚያን ዓመት የቀሩትን ኮንሰርቶች ሁሉ ወደሚቀጥለው ዓመት አዛወረ። በስልክ ውስጥ ያለው ድምፅ እንዲህ ዓይነት ሕመም አያገኘውም፤ ሰው ሰውን ለማየት የሚሄደውም ስለዚሁ ይመስለኛል። የሚያልፍ ነገር ሳያልፍ ይታያል።

እንዲህ ስል ግን በአንድ ቦታ መገኘት ብቻውን መልካም ነው ማለቴ አይደለም። በ1965 ነሐሴ 15 ቀን ቢትልስ የተባሉት አራቱ እንግሊዛውያን በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ሲዘፍኑ ከ55000 የሚበልጥ ሰው መጥቶ ነበር። ከመጡትም ውስጥ ዘፈኑን በትክክል የሰማው እጅግ ጥቂት ነው። ሁሉም ይጮኽ ነበርና። የዚያ ዘመን ድምፅ ማጉያ ጩኸቱን ሊያሸንፍ ስላልቻለ ዘፋኞቹ ራሳቸው የሚጫወቱትን መስማት ተሳናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ከተጫወቱ በኋላ ከአገር አገር እየዞሩ መጫወትን ፈጽመው ተዉ። የሚወዷቸው ሰዎች በፍቅራቸው ብዛት የሚወዱትን ነገር አጠፉት። ከዚህ የከፋም ሆኗል። በ1979 ታኅሣሥ 3 ቀን በሲንሲናቲ ከተማ ዘ ሁ የተባለውን የሮክ ቡድን ለማየት የመጣው ሕዝብ የሚበዛው ትኬቱ የወንበር ቍጥር አልነበረውም፤ ቀድሞ የገባ ከፊት ይቆማል። በሩ ጥቂት ብቻ ሲከፈት ሕዝቡ ተጋፋ፤ አሥራ አንድ ወጣቶችም በግፊያው ሞቱ። ዘፋኞቹ ይህን ሳያውቁ ዘፈናቸውን ጨረሱ። እኔ የዚህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የማስበው ስለ ሞቱት ብቻ አይደለም፤ እነርሱን ሲገፋ ወደ ውስጥ ስለ ገባውና ሌሊቱን በደስታ ስለ ጨፈረው፣ በማግስቱ ጧት ራዲዮውን ስለ ከፈተው ልጅ ጭምር ነው።

የገንዘቡንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስፕሪንግስቲን ዝናን ያገኘው ስለ ሠራተኛ ሰው በመዝፈን ነው። አባቱ ከፋብሪካ ወደ ሾፌርነት፣ ከሾፌርነት ወደ እስር ቤት ጠባቂነት የዞረ፣ ብዙ ጊዜም ሥራ ያጣ ሰው ነበር። ነገር ግን በ2022 የዚህ ጉዞ ትኬት መሸጥ በተጀመረ ጊዜ ዋጋው እንደ ፈላጊው ብዛት ከፍ እንዲል ተደርጎ ስለ ነበር አንዳንዱ ትኬት ከ4000 ዶላር በላይ ደረሰ። ሻጩ ኩባንያ የብዙዎቹ ዋጋ ከ200 ዶላር በታች ነው ብሎ መለሰ፤ ይህም እውነት ነው። ሆኖም ባክስትሪትስ የሚባለው፣ ከ1980 ጀምሮ ስለዚህ ዘፋኝ ብቻ ሲጽፍ የኖረው የአድናቂዎች መጽሔት በዚህ ነገር ልቡ ስለ ተሰበረ በ2023 በየካቲት ወር ሥራውን ዘጋ። አርባ ሦስት ዓመት የወደዱትን ሰው ሳይሰድቡ በዝምታ መሰናበት ከባድ ነገር ነው። የእኅቴ ልጅ ግን ከላይ ከሰማይ ጥግ፣ ርካሹን ቦታ ገዛ፤ ለእርሱም ከሳምንት ደመወዙ ሲሶውን ከፈለ። ዘፋኙ ከዚያ ሲታይ አውራ ጣት ያህላል አሉ። በዚህ ነገር ልጁን አልነቅፈውም፤ ዘፋኙን ግን ጥቂት እነቅፈዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስፕሪንግስቲን ራሱ በወጣትነቱ የሌላ ሰው አድናቂ ነበር። በ1976 በሚያዝያ መጨረሻ በሜምፊስ ከተማ ዘፍኖ ከጨረሰ በኋላ በውድቅት ሌሊት ታክሲ ተሳፍሮ ኤልቪስ ፕሬስሊ ወደሚኖርበት ግሬስላንድ ወደሚባለው ቤት ሄደ። በመስኮቱ ብርሃን ባየ ጊዜ አጥሩን ዘሎ ገባና ወደ ቤቱ ሮጠ። ዘበኞች ያዙት። እርሱም ዝነኛ ዘፋኝ እንደ ሆነ፣ ባለፈው ዓመት በሁለት ታላላቅ መጽሔቶች ሽፋን ላይ በአንድ ሳምንት እንደ ወጣ ነገራቸው፤ ይህም እውነት ነበር። ነገር ግን ኤልቪስ በቤቱ አልነበረም፤ ዘበኞቹም በትሕትና ወደ በሩ ሸኙት። በሚቀጥለው ዓመት ኤልቪስ ሞተ። ስፕሪንግስቲን ይህን ታሪክ በራሱ ላይ እየሣቀ ብዙ ጊዜ ተናግሮታል።

ከዚህ አሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላ ወጣት ሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። በኋላ ቦብ ዲላን ተብሎ የታወቀው የ19 ዓመት ልጅ የሚኒሶታን ዩኒቨርሲቲ ትቶ፣ በቺካጎና በማዲሰን በኩል፣ የእኅቴ ልጅ የነዳበትን አገር አቋርጦ፣ በጥር 1961 በብርቱ ብርድ ኒው ዮርክ ገባ። ይፈልግ የነበረው ዉዲ ጋትሪ የሚባለውን የሕዝብ ዘፋኝ ነው። ጋትሪ ግን በዚያን ጊዜ በኒው ጀርሲ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሀንቲንግተን የሚባለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሽታ ይዞት እጁና እግሩ ያለ ፈቃዱ ይወራጫል፤ ጊታር መያዝ አይችልም፤ ንግግሩም ለመስማት ያስቸግራል። ስለዚህ ወጣቱ የመጣበትን ነገር፣ ማለት ያንን ድምፅ፣ ከቶ ሊሰማ አልቻለም። ታዲያ ምን አደረገ? ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ የጋትሪን ዘፈኖች ለጋትሪ ዘፈነለት። ደጋግሞም እየተመለሰ ዘፈነለት። ጋትሪ በ1967 ሞተ።

ወጣት አንባቢ፣ እነዚህን ሁለት መንገዶች አስተያያቸው። በአንደኛው መንገድ የሄደው የሚያደንቀውን ሰው ለማየትና ምናልባትም በእርሱ ለመታየት ነበር፤ በአጥር ላይ የዘለለው ምስጉን ሰው ነኝ የሚለውን ቃል ይዞ ነው። በሁለተኛው መንገድ የሄደው ሊቀበል መጥቶ ሳለ የሚቀበለው ነገር በጠፋ ጊዜ ይዞት የመጣውን ሰጠ። ንግሥተ ሳባም ስትሄድ ስጦታና ጥያቄ ይዛ ነበር እንጂ ባዶ እጇን አልሄደችም። ስለዚህ አድናቂን ከአድናቂ የሚለየው የመንገዱ ርዝመት፣ የዘፈኑም ዓይነት አይደለም እላለሁ፤ ሰውዬው ይዞት የሚሄደው ነገር አለው ወይ? ከሌለውም ይዞት የሚመለሰውን ለማን ይሰጠዋል? ብዬ እጠይቃለሁ። ነገር ግን በስፕሪንግስቲን ላይ እንዳልፈርድ አንድ ነገር ያዘኛል። የ26 ዓመት ልጅ ሆኖ በሌሊት አጥር መዝለሉን ባይናገረው ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር?

በአርባ ሺህ ሰው መካከል፣ አውራ ጣት የሚያህል ዘፋኝ የሚያይ ሰው ለዘፋኙ የሚሰጠው ነገር ምንድር ነው ብለህ ብትጠይቀኝ ከትኬቱ ዋጋና ከጭብጨባው በቀር የለም እልሃለሁ። ስለዚህ ሌላው ስጦታ ወደ ሌላ ሰው መሄድ አለበት። ይህን በማሰብ ላይ ሳለሁ ልጁን በስልክ ጠርቼ በዚያ ምሽት የሆነውን ሁሉ እንዲነግረኝ ለመንሁት። እርሱም ዘፈኖቹን አላወራኝም። ዘፋኙ በመካከል ሙዚቃውን አቁሞ በልጅነቱ ስለ ገባበት የመጀመሪያው ቡድን እንደ ተናገረ ነገረኝ። ያንን ቡድን አብረውት ከጀመሩት ልጆች አንዱ በ2018 ሲሞት አስታሞት ነበር፤ በእርሱ ሞት ከዚያ ቡድን በሕይወት የቀረው እርሱ ብቻ ሆነ። «ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ አለቀሰ። እኔ ግን አላለቀስሁም፤ ኮንሰርቱ ሲያልቅ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለእማዬ ደወልሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያን ሰሞን፣ ደብዳቤዬን ከመጻፌ በፊት፣ እኅቴ «ልጄ በማለዳ ደውሎ እስኪረፍድ ድረስ አወራኝ፤ በሕፃንነቱ ስለ ነበረን ቤት፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ጎረቤቶቹ ሁሉ ጠየቀኝ፤ እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም» ብላኝ ነበር። በቺካጎ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አዳማ ላይ ገና ማለዳ ነው። እኔ ያንን ነገር ከሰማሁ በኋላ ነው እንግዲህ እናቱን ረሳ ብዬ የጻፍሁለት። የደወለው በዘፈኑ ምክንያት ነው ብዬ ግን አልምልም፤ በሌላም ቀን ይደውል ነበር፤ ብቻውን ረዥም መንገድ የነዳ ሰውም ወሬ ይናፍቀዋል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ልጁ በላከው ገንዘብ፣ የእኅቴ ዓይን ታከመ። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ልጠይቃት ብሄድ «ልጄ አየሁት የሚለውን ሰውዬ እስቲ አሰማኝ» አለችኝ። በስልኬ ከፈትሁላት። ጥቂት ሰማችና «ይጮኻል። ምን አድርጎት ነው?» አለች። በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት እንግሊዝኛ የቻልሁትን ያህል ተረጐምሁላት። ዘፋኙ ልጅ ሳለ እናቱ ስድሳ ዶላር ተበድራ ጊታር እንደ ገዛችለትም ነገርኋት።

«ብድሩን ከፈለላት?» አለችኝ።

እናቱ በእርጅናዋም ወደ ኮንሰርቶቹ እየመጣች ትጨፍር እንደ ነበር ነገርኋት። እኅቴ ይህን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም በአዲሱ ዓይኗ ትኩር ብላ እያየችኝ፣ «ይህን ያህል መንገድ መንዳት ከቻለ ታዲያ እዚህ የማይመጣው ለምንድር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ለልጁ የገባሁት ቃል ነበረብኝና አንገቴን ደፍቼ ሌላ ዘፈን ፈለግሁላት።